የገንዳው እድፍ የማን ነው?

ነገ ስለ ንጽሕና የምናስተምር እኛ ዕጩ መምህራን፣ የመታጠቢያ ገንዳችን ቅርፊት አውጥቶ እያየን «የጽዳት ሠራተኛዋ ትየው» ብለን እናልፋለን። እሷም በአሸዋ ትፈትገዋለች። አሸዋ ግን ልሙጡን ገጽ ይቧጭረዋል፤ በጭረቱም እድፍ ይብስ ይሰገሰጋል።

ቅርፊቱ ከውሃው የቀረ ኖራ ነው። በረኪና አያሟሟውም፤ አሲድ ያሟሟዋል። በኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ አልብሶ 1 ሰዓት ያህል ማቆየት፣ በብሩሽ ማሸት፣ ማለቅለቅ ነው። ታዲያ «ኃይል እንዲኖረው» ብለን በረኪና የምንጨምርበት አለን። ይህ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። በዚያ ጠባብ ክፍል የምትተነፍሰው ደግሞ እሷ ናት።

ስለዚህ ተራ እንግባ። ኬሚስትሪውን በደብተር ይዘን ብሩሹን ለሌላ ከተውን፣ ነገ ተማሪ ፊት ቆመን ምን ልንል ነው?