ፀሐይና የኤሌክትሪክ መሥመራችን

በሐዋሳ ከተማ መብራት በድንገት ሲጠፋ ምክንያቱን ለመናገር ሁላችንም እንቸኩላለን። አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው ዛፉን፣ ሦስተኛው ሠራተኛውን ይወቅሳል። ፀሐይን የሚጠረጥር ግን የለም። ዛሬ በዚህ ዐምድ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው።

ፀሐይ አልፎ አልፎ የምትተፋው የጋለ ጋዝ ወደ ምድር ሲደርስ የምድርን ማግኔት ያናውጣል። ማግኔቱም ሲናወጥ በአፈርና በዐለት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል። ይህ ኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ከመሬት ጋር በታሰረበት ሽቦ በኩል ገብቶ በረጅሙ መሥመር ይጓዛል። ትራንስፎርመር ደግሞ የተሠራው በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ ይህ በዝግታ የሚለዋወጥ እንግዳ ሲገባበት ይግላል፤ መሥመሩን የሚጠብቁትም መሣሪያዎች ይሳሳታሉ።

ነገሩ ተረት አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. በካናዳ የኬቤክ አውራጃ መሥመር በ90 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ወድቆ፣ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ ተቀምጧል። ከጥቅምት 1996 ዓ.ም. ማዕበል በኋላም በደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ትራንስፎርመሮች ውስጣቸው ተጎድቶ መገኘቱን መሐንዲሶች ጽፈዋል።

«ይህ የሰሜን አገሮች ጭንቀት ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብርቱው ማዕበል ወደ ዋልታዎቹ ይበረታል። ነገር ግን በአገራችን ላይ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የማግኔት ወገብን ተከትሎ በቀን የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ይህ ጅረት ከፀሐይ የሚመጣውን ድንገተኛ ግፊት እንደሚያጎላው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ከዚህም በላይ የስምጥ ሸለቆው ምድር እንደ ካናዳ ዐለት አይደለምና፣ የሌላ አገር ስሌት ገልብጦ መኖር አይቻልም።

መሥመራችንም እንደ ቀድሞው አጭር አይደለም። ከሐዋሳ ብዙም ከማይርቀው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባው መሥመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይልም በ500 ኪሎ ቮልት ወደ መካከለኛው አገር ይመጣል።

ዕውቀቱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ተተክሏል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ ቤተ ሙከራ የላይኛውን አየር ያጠናል። የሚያስፈልገው የሊቁ መዝገብና የኃይል ማከፋፈያው መዝገብ ጎን ለጎን መነበባቸው ነው።

ስለዚህ ወጣት ሹማምንት መብራት የጠፋበትን ጊዜ «ከሰዓት በኋላ» ብለው ሳይሆን በሰዓትና በደቂቃ እንዲጽፉ፣ በትልልቆቹ ጣቢያዎችም በትራንስፎርመሩ የመሬት ሽቦ ላይ መለኪያ እንዲታሰር እናሳስባለን። የሐዋሳ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ይህን አይለፉት። ልኬቱ ፀሐይን ነፃ ቢያወጣት እንኳ ትርፍ ነው፤ ጥፋቱ የዛፍ ወይም የእኛ መሆኑን እናውቃለንና። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ መጯጯህ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመባል አያድነንም።