የምትቀቢላቸውን መድኃኒት ማወቅ መብትሽ ነው

እህቴ፣ አረጋዊ በምትንከባከቢበት ቤት «ይህን ክሬም ግንባሯ ላይ ቀቢላት» ተብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ብዙ ጊዜ ተብያለሁ። አቋሜ አንድ ነው፦ መድኃኒቱን በእጇ የምትቀባ ሠራተኛ ምንነቱን ሳታውቅ መቀባት የለባትም። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ቆዳቸው ነጣ ያለ ሰዎች ለብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታቸው ግንባራቸው፣ ጆሯቸው፣ ራሰ በራቸውና የእጃቸው ጀርባ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቅርፊት ይወጣል። ሐኪሞች «አክቲኒክ ኬራቶሲስ» ይሉታል። ካንሰር አይደለም፤ ግን አንዳንዱ ውሎ አድሮ ወደ ቆዳ ካንሰር ስለሚለወጥ ይታከማል። ጥቂት ከሆነ ሐኪሙ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል ወይም ይፍቀዋል። ሰፋ ካለ በብርሃን የሚሰጥ ሕክምና ወይም ቤት የሚቀባ ክሬም ያዛል። እኛ እጅ የሚገባው ይሄ ክሬም ነው።

ከክሬሞቹ አንዱ ፍሉሮዩራሲል ይባላል። ሴል የሚገድል መድኃኒት ነው፤ በደም ሥር ለካንሰር ሕመምተኞችም ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ስትቀቢ ጓንት አድርጊ፤ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ዓይንና አፍ አታስነኪ። ድመትና ውሻ ከማይደርሱበት አስቀምጪው፣ ይገድላቸዋል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጨርሶ አትንኪው። መናገር ካስፈራሽ፣ ምክንያት ሳትዘረዝሪ «ሌላ ሰው ይቀባ» በይ።

ሌላው ጉዳይ ወቀሳ ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይቆስላል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ቤሩት የምንከባከባቸው ተታ ግንባራቸው ሲቀላ ልጃቸው «ምን ቀባሻት?» ብላ ጮኸችብኝ። ሐኪሙ እንደሚቀላ አስቀድሞ ለእሷ ነግሯታል፤ ለእኔ የነገረኝ ግን አልነበረም። ስለዚህ ገና ሳትጀምሪ «ሹ ኢስሞ ሃድደዋ?» (የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው?) በያቸው። የማሸጊያውን ፎቶ አንሺ። ስንት ጊዜና የት እንደምትቀቢ በድምፅ ወይም በጽሑፍ መልእክት ይላኩልሽ። ፊታቸው ካበጠ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ ወዲያው ተናገሪ።

«ሕጉ ለእኛ አይሠራ፣ ምን ብለን እንጠይቃለን?» የሚሉ እህቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሊባኖስ የ1946 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ሕግ ካልጠበቀን ደግሞ ስልካችን ላይ ያለው ማስረጃ የበለጠ ያስፈልገናል።

የተረፈውንም «ለማድያት ይሆነኛል» ብለሽ ፊትሽን አትቀቢ። ማድያት ሌላ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ቅርፊት እምብዛም አይታይም፤ አልቢኒዝም ያለባት እህት ግን በጣም ትጋለጣለች። ለሳምንታት አልድን ያለ ቁስል ካለሽም፣ እግርሽ መርገጫ ላይ እንኳ ቢሆን፣ ሐኪም ይየው።

ለዛሬ ግን ከዚህ ጀምሪ፦ «በዲ ክፉፍ»፣ ጓንት እፈልጋለሁ።