ባዶ ቅንፍም ሰርቨር ይጥላል

የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ ኮድ ለምትጽፉ ተማሪዎች ነው። የሌላ ትምህርት ክፍል ልጆችም ብታነቡት አይከፋም፤ ግቢያችን ውስጥ የኦንላይን ቅጽ ያልሞላ የለምና።

ቅጽ ላይ የምንጽፈው ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥር ትክክል መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚጣራው «ሬጄክስ» በሚባል የፊደል ንድፍ ነው። አብዛኞቹ የሬጄክስ ላይብረሪዎች ንድፉ አልገጥም ሲላቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ሌላ አማራጭ ይሞክራሉ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። «^(ሀ+)+$» በሚል ንድፍ 30 «ሀ» ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ ብታክሉ፣ ፊደላቱን ለመቧደን ከ500 ሚሊዮን በላይ መንገድ አለ። አንድ «ሀ» በጨመራችሁ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ሰርቨሩ በዚህ ሲባክን የሌላው ተጠቃሚ ጥያቄ ቆሞ ይጠብቃል።

ለዚህ ደግሞ አጥቂ የግድ አያስፈልግም። ጁላይ 20 ቀን 2016 ስታክ ኦቨርፍሎው ለ34 ደቂቃ የተቋረጠው አንድ ጽሑፍ ውስጥ 20,000 ያህል ባዶ ቦታ ተከታትሎ በመገኘቱ ነው። ትርፍ ባዶ ቦታ የሚቆርጠው ንድፍ 200 ሚሊዮን ገደማ ሙከራ ውስጥ ገባ።

«ጥሩ ላይብረሪ መምረጥ ነዋ!» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን አይበቃም። የረስት ቋንቋ ሬጄክስ ላይብረሪ እንዲህ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከማይታመን ሰው የመጣ ንድፍ እንኳ እንዳይጎዳው የመጠን ገደብ ተበጅቶለታል። ሆኖም ማርች 2022 ላይ ክፍተት እንዳለው ይፋ ሆነ። ገደቡ የሚመዝነው የሚያዘውን ሜሞሪ ነበር። ባዶ ቅንፍ ሜሞሪ አይዝም፤ ስለዚህ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደገም ተብሎ ሲጻፍ ገደቡ አያየውም፣ ጊዜ ግን ይበላል። በ1.5.5 እትም ባዶውም እንዲቆጠር ተደርጎ ታረመ።

እኛን የሚያሳስበን ለፕሮጀክት ስንዘጋጅ «ይሠራል ወይ?» ብለን ብቻ መጠየቃችን ነው። የተበላሸ ግብዓት ሲመጣ ምን ያህል ይቆያል ብሎ የሚሞክር ጥቂት ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ፣ ማንም ያልገባው ንድፍም ዝም ብሎ ይለጠፋል። በዚህ አንስማማም።

ስለዚህ የጀመዓችንን የመመዝገቢያ ቅጾች የምትሠሩ፣ ከማጣራታችሁ በፊት ርዝመቱን ገድቡ፤ ለኢሜይል 254 ፊደል ይበቃል። የላይብረሪዎቻችሁንም እትም አድሱ። ገደቡ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ ብራውዘር ላይ ያለውን የፈለገ ሁሉ ያልፈዋል።