መሪው ሲለወጥ ፍሬኑም ይታሰብ

ጦር ኃይሎችን በመሰለ ታክሲና አውቶቡስ በሚበዛበት አካባቢ የእሽቅድምድም ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቆልማማውን መሪ በቀጥተኛ መሪ ለመለወጥ ቢያስብ አያስገርምም። ጀርባን ቀና አድርጎ መንገዱን ለማየት ስለሚረዳና ሥራውም በቤት ውስጥ ሊከናወን ስለሚችል ሐሳቡን እንደግፋለን። «መሪ ያው መሪ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ግን አንቀበልም።

መሪው በሚታሰርበት ቦታ ያለው ዲያሜትር እንደየዓይነቱ 25.4፣ 26 ወይም 31.8 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለውን የ0.6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ዓይን አይለየውም፤ ብሎን በኃይል በማጥበቅ ለማካካስ መሞከርም አሉሚኒየሙን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ፍሬኑ ነው። የፍሬን እጀታ የሚታሰርበት ዲያሜትር በቆልማማው መሪ 23.8፣ በቀጥተኛው 22.2 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የቀድሞው እጀታ በአዲሱ መሪ ላይ በትክክል አይገጥምም። አዲስ እጀታ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። ክንደ ረጅም ለሆነው ቪ-ፍሬን የተሠራ እጀታ የእሽቅድምድም ብስክሌት እጀታ ከሚስበው በግምት እጥፍ የሚሆን ሽቦ ይስባል። በሌቨር ሕግ መሠረት በርቀት ያተረፍነውን በኃይል እንከፍላለንና ፍሬኑ ይደክማል፤ ይህም ቁልቁለት ላይ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለዚህ ከግዢ በፊት በቬርኒየር ካሊፐር መለካት፣ ከገጠማ በኋላም መሪውን በክብደት ተጭኖ እንደማይዞር ማረጋገጥና ፍሬኑን ሜዳ ላይ መፈተን ይገባል እንላለን።