የተዋሃዱ መንደሮች፣ የራቀ ማህተም

ቁንዝላ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ንቅንቅ ሳትል አለቃዋ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል። በንጉሡ ዘመን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በባሕር ዳር አውራጃ፣ በአቸፈር ወረዳ ሥር ነበረች። ደርግ በ1980 ዓ.ም. የአገሪቱን ካርታ እንደገና ሲቀድ ጎጃም ምሥራቅ፣ ምዕራብና መተከል ተብሎ ተከፋፈለና ቁንዝላ የምዕራብ ጎጃም ሆነች። ኢሕአዴግ ሲገባ ክልልና ዞን መጣ። ቀጥሎ አቸፈር ራሱ ለሁለት ተከፈለ፤ ደቡቡ ዱርቤቴን፣ ሰሜኑ ሊበንን መቀመጫ ሲያደርግ ቁንዝላ ለሊበን ደረሰች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰሜን አቸፈር «ሰሜን ጎጃም» በሚባል አዲስ ዞን ሥር ገብቷል።

ይህ ሁሉ ለውጥ ከላይ ያለው ነው፤ ዜና ይሆናል፣ ካርታ ይታተምለታል፣ ቢሮ ይመረቅለታል። ከታች በገጠሩ የተካሄደው ለውጥ ግን በአብዛኛው ድምፅ አልነበረውም። ዞንና ወረዳ እየተሰነጠቁ ሲበዙ መንደሮች እየተዋሃዱ አንሰዋል። በጣና ዙሪያ ያለ ገበሬ ዛሬ በዞንና በወረዳ ደረጃ ከአያቱ የበለጠ ባለሥልጣን አለው፤ በራሱ መንደር ስም የሚቆም ሰው ግን የለውም።

መዋሃድ በራሱ መንደርን አይገድልም። መንደሩ የሚጎዳው ከተዋሃደ በኋላ በስሙ የሚናገር፣ ሕግ የሚያውቀው አካል ሳይቀርለት ሲቀር ነው። ኢትዮጵያ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ያጎደለችው ይህንኑ ነው።

የጎጃም መንደር ድሮ ልኩ አጥቢያ ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መቃብር፣ ከአቅኚ አባት የሚወረድ ርስት፣ አንድ ጭቃ ሹም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ ያሳየው፣ የመሬት ክርክሩም ማኅበራዊ ኑሮውም በዚሁ አጥቢያ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳን ሲዘረጋ ይህን የታችኛውን እርከን ብዙ አልነካውም። መንግሥት ከወረዳ ወደ ታች የሚደርሰው በጭቃ ሹሙ በኩል ነበር።

በዚህ የታችኛው እርከን ላይ ሳይጠየቅ የሚመጣ ለውጥ ምን እንደሚያስከትል ጎጃም በ1960 ዓ.ም. አሳይቷል። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ነገሩን የርስቱ መለካት መጀመሪያ አድርጎ አየውና በብዙ ወረዳዎች አመፀ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ መጨረሻ ላይ ግን አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንስቶ የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማረ። አመፁ የተመራው በየአጥቢያው በሚተዋወቁ ሰዎች ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ጭቃ ሹሙ ቀረ፤ በምትኩ ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት ላይ የሚቆም የገበሬ ማኅበር መጣ። ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ነበረው። ብዙ ቦታ ወሰኑ የአንድ ወይም የሁለት አጥቢያ ስፋት ስለነበር ገበሬው አለቃውን በስም፣ በዘርና በጠባይ ያውቀዋል። ይህ ሁልጊዜ በጎ አልነበረም። የእህል ኮታ ያስገባው፣ ልጁን ለብሔራዊ ውትድርና የመዘገበበት ያው የሚያውቀው ሊቀመንበር ነው። ሆኖም ከሊቀመንበሩ ጋር መሟገትም፣ መደራደርም፣ ማማትም ይቻል ነበር።

ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ መጣ። ተበታትኖ በማሳው ዳር የኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ፣ ማገርና ምሰሶውን ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንዲሠራ ታዘዘ። ጎጃምም ከዚህ አላመለጠም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁና ቁጥጥሩ ሲላላ፣ ገበሬው ያንኑ ምሰሶ ነቅሎ ወደ ቀድሞው ጓሮው ተመለሰ። የኢትዮጵያ መንግሥታት በገጠር ካካሄዷቸው ውህደቶች ሕዝቡ በግልጽ የሻረው ይህን ነው፤ የሻረውም በእጁ ስለሆነ ነው። ምሰሶ ይነቀላል። ሕግ ላይ የተሰረዘ ወሰን ግን በዶማና በመጥረቢያ አይመለስም።

ቀጣዩ ውህደት የመጣው በዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ ሁለት ሦስት የቀድሞ የገበሬ ማኅበራት ተጣምረው አንድ ቀበሌ ሆኑ። የቀድሞው ማኅበር ንዑስ ቀበሌ፣ ከሱ በታች ያለው ጎጥ ተባለ። ቤት አልፈረሰም፣ ሰው አልተፈናቀለም፤ የተንቀሳቀሰው ማህተም ብቻ ነው። ስለዚህም ማንም አልጮኸም።

የማህተም መራቅ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አንድ ተራ ጉዳይ መከተል ይበቃል። አንድ ገበሬ ልጁን ከተማ ለማስቀጠር የድጋፍ ደብዳቤ ወይም መታወቂያ ይፈልጋል እንበል። መጀመሪያ የጎጡ ተጠሪ «አውቀዋለሁ» ብሎ ይመሰክርለታል፤ የተጠሪው ምስክርነት ግን ወረቀት አይሆንም። ክብ ማህተሙ ያለው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ከሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰዓታት በእግር ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። «ሰኞ ተመለስ» ይባላል። ሰኞ ገበያ ነው፤ ማክሰኞ በዓል ነው። የሚያውቀው ሰው ማህተም የለውም፤ ማህተም ያለው ሰው አያውቀውም።

ጉዳዩ የእንግልት ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለአንድ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች ብሎ ተነሳ፤ ስሌቱም 5,000 ሰው ገደማ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኞችም፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛውም፣ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴውም በቀበሌ ይቆጠራሉ። አገልግሎት በቀበሌ ቁጥር በሚታደልበት አገር ሁለት ቀበሌ አንድ ሲሆን አንድ ጤና ኬላ ሳይሠራ ይቀራል። ወረዳ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የጥቅል በጀት የሚወርደው ለወረዳ በመሆኑ አዲስ ወረዳ ማለት አዲስ በጀት፣ አዲስ ሠራተኛ፣ ለመቀመጫዋ ከተማ ባንክና ፎቅ ነው። ሊበንና ዱርቤቴ ይህን ቀምሰዋል። ላይኛው እርከን ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ታችኛው ለምን እንደሚዋሃድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከተማውም ከዚህ አላመለጠም። ባሕር ዳር ለዓመታት ዘጠኝ ክፍለ ከተሞች ነበሯት። በቅርቡ ወደ ስድስት ሲጠቀለሉ ፋሲሎ፣ በላይ ዘለቀ፣ ግሽ ዓባይና ጣና ስማቸውን ይዘው ቀሩ፤ አፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ገቡ፤ ሽምብጥ፣ ሰፈነ ሰላም፣ ሹም አቦና ሌሎች ሁለት ከደብዳቤ ራስጌ ወረዱ። ባጃጅ ነጂው ግን ዛሬም ሽምብጥ ብሎ ይጭናል፤ ከዚያም በፊት የፈረሰውን «ቀበሌ 14» እየጠራ የሚጭንም አለ። ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይ ደግሞ የሳተላይት ከተማ ተብለው ወደ ባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ተጠቃለሉ። ዘጌ በገዳማቱና በቡና ደኑ ለዘመናት የራሱን ሥርዓት ይዞ የኖረ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከከተማው ጋር መጣመሩ የትልቅ ከተማ በጀት አቅርቦለት ይሆናል፤ ቡናው ሲደርቅ ወይም ደኑ ሲቆረጥ ግን የሚወስነው ምክር ቤት ስለ አስፓልትና ስለ ኮንዶሚኒየም የሚጨነቅ ምክር ቤት ነው።

መንደሮችን በማዋሃድ ኔዘርላንድን ያህል የቆየ ልምድ ያለው አገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 የማዘጋጃ ቤት ሕጓን ስታወጣ ከ1,200 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ነበሯት፤ አንዳንዱ ከጥቂት መቶ ነዋሪ የማይበልጥ መንደር ነው። በ1900 ቁጥሩ 1,121፣ በ2023 ደግሞ 342 ሆነ። በፍሪስላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስኔክና ቦልስዋርድን ጨምሮ አምስት ማዘጋጃ ቤቶች ተጣምረው ሱድዌስት ፍሪስላን የሚባለውን ሰፊ ግዛት ፈጠሩ። ለጣና ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ግን ማርከን ነው። ማርከን በውሃ የተከበበ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በግድብ መንገድ ከየብስ ተያያዘ፣ በ1991 ደግሞ ከሞኒከንዳምና ከሌሎች ጎረቤቶቹ ጋር ዋተርላንድ በሚባል ማዘጋጃ ቤት ተጠቃለለ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ከውህደቱ አፈጻጸም ይጀምራል። እዚያ ማዘጋጃ ቤቶች የሚዋሃዱት በፓርላማ ሕግ፣ ስማቸው ተጠቅሶ ነው፤ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪው ወጥቶ ይመርጠዋል። መንደሩም ስሙን አያጣም፤ በመግቢያው ላይ በተተከለው ሰማያዊ ሰሌዳ የመንደሩ ስም በትልቁ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ስም ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። በየመንደሩም አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ የነዋሪ ማኅበራት አሉ፤ የአውቶቡስ ፌርማታ ሊነሳ ወይም ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚከራከሩት እነሱ ናቸው።

የደች መንደሮችም ያጡት ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ሱቃቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ ወጣታቸውን አጥተዋል። በውህደቱ ይገኛል የተባለው ቁጠባም እንደተጠበቀው አልሆነም። የኽሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማርተን አለርስና ቢዩዌ ኼርትሰማ የ15 ዓመት ውህደቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ማዘጋጃ ቤቶች ስለተጣመሩ አጠቃላይ ወጪያቸው አልቀነሰም ብለዋል።

እዚህ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ኢትዮጵያ ለእያንዳንዱ ጎጥ ጽሕፈት ቤት፣ ሥራ አስኪያጅና ደመወዝ ልታቆም አትችልም። ልክ ነው፤ የተጠየቀውም ያ አይደለም። የተጠየቀው ድምፅ ነው። ድምፅ በቁጥር ብዛት እንደማይገኝም ታይቷል፤ በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ተፈጠረ። 300 ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲሰበሰብ ጉባኤ ይሆናል እንጂ አንዱ ጎጥ ለብቻው አይደመጥም። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ።

መንደሩ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እድሩ ይቀብራል፣ ማኅበሩና ሰንበቴው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌው ያስታርቃል፣ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ደቦው ያርሳል። ይህ ሁሉ ዛሬም የሚሄደው በድሮው አጥቢያ ወሰን ነው፤ ቀበሌው ሦስት ጊዜ ሲቀየር እድሩ አልተቀየረም። በኔዘርላንድ መንደሮች የቆየው ዓይነት አካል እዚህም አለ፤ የጎደለው ሕጉ ዕውቅና መስጠቱ ነው።

ወደ ቁንዝላ እንመለስ። ከባሕር ዳር እሁድ ጠዋት የሚነሳው የጣና ሳምንታዊ መርከብ ለዓመታት ደቅ ደሴትን ነክቶ ቁንዝላ እያደረ ነበር በማግስቱ ጎርጎራ የሚገባው። እህሉም፣ በጉም፣ ታማሚውም በውሃ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ የወረዳው ማህተም ያለው በየብስ ሊበን ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃውን የሚስበው ከቁንዝላ አጠገብ ነው፤ ውሃው 12 ኪሎ ሜትር ያህል በተቆፈረ ዋሻ ወደ በለስ ይወርዳል። የሐይቁ ከፍታ ሲቀንስ ወደቡ፣ ደንገሉና የዓሣው መራቢያ በቀጥታ የሚነካው በዚህ ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ ነው። ስለ ውሃው የሚወስነው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ፣ ስለ ዳርቻው የሚወስነው ባሕር ዳር፣ ስለ ቀበሌው የሚወስነው ሊበን ነው። በቁንዝላና በአጎራባች ጎጦች ስም «ይህ ይጎዳናል» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ደብዳቤው መልስ እንዲሰጠው ሕግ የሚያስገድድለት አካል የለም።

ስለዚህ የአካባቢ ምርጫ እንደገና ሲጠራ የአማራ ክልል ምክር ቤት አራት ነገር በሕግ ሊያስቀምጥ ይገባል። አንደኛ፣ ማንኛውም ቀበሌ ሲጣመር ወይም ሲከፈል የነዋሪው ድምፅ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሁለተኛ፣ በየጎጡ ወይም በየአጥቢያው ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ያለው፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ በጽሑፍ የመጠየቅና በቀን ገደብ መልስ የማግኘት መብት ያለው ጉባኤ ይቋቋም፤ የእድር መሪዎች ይህን ሥራ ያውቁታል። ሦስተኛ፣ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በየቀድሞው ቀበሌ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ማህተሙን ይዞ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ጤና ኬላና የግብርና ሠራተኛ በቀበሌ ቁጥር ሳይሆን በሕዝብ ብዛትና በእግር ጉዞ ርቀት ይመደብ። ከአራቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ድምፅ ፍለጋ ወደ ጣና ዳር ሲመጣ፣ መራጩ ከመንገዱና ከመብራቱ ጥያቄ ጋር ይህንንም ይጠይቀው።