ሲታደስ እንዳይጠፋ

«የቪዲዮ ጨዋታ የልጆች መዘናጊያ ነው» ብለው የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ድርሰት፣ ሥዕልና ሙዚቃ ተባብረው የሠሩትን ነገር መናቅ አይገባም እንላለን። ስለዚህ አሮጌው የጀብዱ ጨዋታ ለዛሬው መሣሪያ ሲታደስ ምን ይቀራል፣ ምንስ ይጠፋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የባሕር ወንበዴ ለመሆን የሚመኝ የአንድ ወጣት ታሪክ የሆነው «ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ» እ.ኤ.አ. በ1990 ወጥቶ በ2009 ታደሰ። ሥዕሉ እንደገና ተሣለ፤ ይነበብ የነበረውም ንግግር ድምፅ አገኘ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስመሰግነው ግን አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ አሮጌው ጨዋታ እዚያው ባሉበት ቦታ መመለሱ ነው። እኛ ወጣቶቹ አሮጌውን ያየነው በዚህችው ቁልፍ ነው፤ በጥቂት ነጠብጣብ የተሣለው የወደብ ሌሊትም ከአዲሱ ይልቅ ማርኮናል።

በ1997 የወጣው «ብሌድ ራነር» ይህ ዕድል አልገጠመውም። የፕሮግራሙ መነሻ ጽሑፍ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ በ2022 ያደሱት ባለሙያዎች ከተሸጠው ቅጂ ተነሥተው ደከሙ፤ ሥራውም ሥዕሉን አደበዘዘው ተብሎ ተነቀፈ። ይባስ ብሎ አሮጌው ለብቻው መሸጡ ቀረ፤ የተመለሰውም ገዢዎች ካጉረመረሙ በኋላ ነው። ያውም አሮጌው በዛሬው ኮምፒዩተር እንዲሠራ ያደረጉት ስከምቪኤም የተባለውን ፕሮግራም የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው!

እንግዲህ ኩባንያዎቹን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። መነሻውን ጽሑፍ በደኅና ቦታ ያኑሩ፤ አዲሱን ሲሸጡም አሮጌውን ከገበያ አያንሡ።