መጻሕፍትን መቍጠር ሙያ ነውን?

ለልጅ ሙያ መምረጥ ለወላጅ ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚሆን ልጅ ለእናቱ ኵራት ነው፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ለጎረቤት ማስረዳት አያስፈልጋትም። ነገር ግን አንዲት ልጅ ተነሥታ «የመጻሕፍትን ስም እየሰበሰብሁ በዝርዝር መጻፍ እወዳለሁ» ያለች እንደ ሆነ፥ እናቷ ምን ትመልስላት?

ባለፈው ክረምት በጎፋ ገብርኤል አጠገብ በምትኖር በአንዲት ወዳጃችን ቤት ለቡና ተጠርቼ ነበር። እኅታችን አሮጌውን ቤት ለቅቃ ወደ ኮንዶሚኒየም ልትዛወር ዕቃዋን ታሰናዳ ነበር። አዲሱ ቤት ጠባብ ስለ ሆነ፥ አባቷ ሲሞቱ የተዉአቸውን ሁለት ሣጥን መጻሕፍት የምታኖርበት ስፍራ አጣች፤ ስለዚህ በኪሎ ለቆራሌው ልትሸጣቸው ቈረጠች። በዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል የጨረሰችው ልጇ ግን «እማዬ፥ ሦስት ቀን ብቻ ስጪኝ፤ ስማቸውን ጽፌ ልያዝ፤ ከዚያ በኋላ እንዳሻሽ አድርጊ» ብላ ለመነቻት።

እናቲቱም ወደ እኔ ዘወር ብላ፥ «እባክዎ ይህችን ልጅ ይምከሩልኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረውም ይህንኑ የቤተ መጻሕፍት ሥራ እንደ ሆነ ትነግረኛለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኋት የመጽሐፍ አቧራ እንድታራግፍ ነውን? ይህስ እንጀራ ይሆናታል?» አለችኝ። በዚያን ሰዓት የምመልሰው አልነበረኝም። ሦስቱ ቀን ሲፈጸም ተመልሼ እንድመጣ ቃል ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ የምነግራትንም ነገር ማሰብ ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ያሰብኋቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ነው። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት እኒህ ሰው «ወዳጄ ልቤ»ንና «አዲስ ዓለም»ን የደረሱ፥ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ቈጥረው ካታሎግ አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደ ገና አወጡት። የራሱን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ስሙን ያስጠራል፤ የሌላውን ሰው መጽሐፍ የሚመዘግብ ግን የሌላውን ስም ያስጠራል። ኅሩይ ሁለቱንም ሥራ ሠሩ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ እርሳቸው ተሰደዱ፤ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ዝርዝራቸው ግን ከጦርነቱ በፊት ምን መጽሐፍ እንደ ነበረን ለሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። በዚያ መጻሕፍት መካከል የሠሩት ስቲቨን ራይት የተባሉ እንግሊዛዊ፥ ከጣልያን ወረራ በፊት የታተሙትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ከዚሁ ቤተ መጻሕፍትና ከዩኒቨርሲቲው ስብስብ አንድ በአንድ መዝግበው በ1967 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አሳተሙ። ለዝርዝሩ የሰጡት ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ መነሻ ፍቺው የሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ማለት ነው። በኤውሮጳ በኅትመት መጀመሪያ፥ እስከ 1500 እ.ኤ.አ. ድረስ የታተሙት መጻሕፍት በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ኅትመት ገና ጨቅላ ሳለ የተወለዱ ናቸውና። እናቶች ሆይ፥ የበኵር ልጃችሁን የመጀመሪያ ልብስ አጥባችሁ በሣጥን ያኖራችሁ ሁሉ ይህ ስም ለምን እንደ ተመረጠ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ያሰብኋቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በ1968 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ወታደሮች ከቤታቸው መጥተው ተኵሰውባቸው ቈሰሉ፤ ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልሄዱም። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኔሶታ በኮሌጅቪል ሲኖሩ፥ ከአገራችን ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው እያነበቡ፥ የየአንዳንዱን ይዘት በካታሎግ ጻፉ። የመዘገቡት በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ታላቁ የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። አገራቸውን በዓይናቸው ሳያዩ በኖሩበት ዘመን፥ የአገራቸው መጻሕፍት የት እንዳሉና ምን እንደሚሉ ለዓለም የሚያሳውቁት እርሳቸው ነበሩ።

ይህ ሥራ ስም መገልበጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዝርዝር አዘጋጅ የደራሲውን ስም፥ የመጽሐፉን ርእስ፥ ማተሚያ ቤቱን፥ ከተማውን፥ ዓመቱንና የገጹን ብዛት ይጽፋል፤ መጽሐፉ ዛሬ የት እንደሚገኝም ያመለክታል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ ስም ነው እንጂ እንደ ፈረንጅ በቤተ ሰብ ስም አይደለም፤ ስለዚህ ኅሩይን የሚፈልግ ሰው በ«ወልደ ሥላሴ» ቢፈልጋቸው ይሳሳታል። «ኅሩይ»ን አንዱ በብዙኃን ኀ፥ ሌላው በሐመሩ ሐ ቢጽፈው፥ አንዱ ደራሲ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ዓመቱም በእኛ አቈጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለና፥ ይህን ያልለየ ሰው የኋላውን መጽሐፍ የፊተኛው ያደርገዋል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት አባቶች ይህን ሙያ ያዩ ይመስላሉ።

በሦስተኛው ቀን ይህን ሁሉ ንግግር ተሸክሜ ወደ ጎፋ ተመለስሁ። እኅታችን ግን የልጇን ደብተር በጕልበቷ ላይ አኑራ ዝም ብላ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጅቱ 74 መጻሕፍት በየተራ ጽፋ፥ በመጨረሻው ዓምድ «ማስታወሻ» የሚል ስፍራ አበጅታ ነበር። በ31ኛው ቍጥር፥ በዳዊቱ ትይዩ፥ እንዲህ የሚል ተጽፏል፤ «በመጨረሻው ባዶ ቅጠል የአያቴ እጅ ጽሑፍ አለበት፤ እማዬ የተወለደችበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት፥ የክርስትና ስሟንም ይናገራል።»

እኅታችን እስከዚያ ቀን ድረስ የልደቷን ቀን የምታውቀው «በክረምት ነው፥ ከፍልሰታ በኋላ» በሚል ወሬ ብቻ ነበር። አባቷ ጽፈውላት ኖሯል፤ ዳዊቱም በሣጥን ውስጥ አብሯት ኖሯል፤ የሚያሳያት ሰው ግን አልነበረም። «ትናንት ቆራሌው በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ልሰጠው ተነሥቼ ነበር» አለችኝ፤ ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር በልቤ አስቀረሁት።

ጥቂት ቈይታ ለልጇ፥ «ዳዊቱንና የአባቴን እጅ ጽሑፍ ያለባቸውን ለይተሽ አኑሪ፤ የቀሩትን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት የሚቀበለን እንደ ሆነ ጠይቂ። ስለ ትምህርትሽ ገና እንነጋገራለን» አለቻት።

ንግግሩ የሚገባም ነው፤ የእናቲቱ ፍርሃት ከንቱ አይደለምና። በዚህ ሙያ ፈጥኖ ባለጠጋ የሆነ ሰው አላየንም። ወደዚህ ሥራ የምትገባ ልጅ ትዕግሥትን፥ ግዕዝንና ቢያንስ አንድ የውጭ ቋንቋ፥ ዛሬ ደግሞ የኮምፒዩተርን አሠራር ልትማር ይገባታል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል። ይህን የያዘች ልጅ በቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በመዝገብ ቤትና በምርምር ስፍራ ሁሉ ትፈለጋለች።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ የትኛውንም ሙያ ቢመርጥ፥ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ስጡትና በቤታችሁ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ይጻፍ። የደራሲውን ስም፥ ርእሱን፥ ዓመቱን ይመዝግብ፤ በኅዳጉ የተጻፈውንም አይለፈው። ሣጥኑ ለቆራሌው ከመውጣቱ በፊት በውስጡ ያለውን ማወቅ ይገባልና።